አዲስ አበባና ጅቡቲ፦ በአየር የቀረበ፣ በየብስ የራቀ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ጅቡቲ አምቡሊ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህን ርቀት በ42 ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል። በአየር መንገዶች መርሐ ግብር ላይ የሚቀመጠው የበረራ ጊዜ ግን ከአንድ ሰዓት ይበልጣል።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከመንገዱ ማጠር ነው። በአጭር በረራ አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከፍታ በመያዝና ዝቅ በማለት ስለሆነ፣ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርባቸው ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። በመሬት ላይ የሚንቀሳቀስበት ጊዜም ይታሰባል።

የሁለቱ ማረፊያዎች ተፈጥሮም እጅግ የተለያየ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ አምቡሊ በባሕሩ ዳርቻ ነው። ኢትዮጵያ ክረምት በምትሆንባቸው ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከፍታም ሆነ ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ያስፈልገዋል።

አምቡሊ የመንገደኞች ማረፊያ ብቻም አይደለም። የአሜሪካና የፈረንሳይ ጦር አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያውን ከሲቪል በረራዎች ጋር ይጋራሉ። አሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖቿን እ.ኤ.አ. በ2013 ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የሻቤሌ ማረፊያ ማዛወሯም ይታወሳል።

የአየር ቲኬት መግዛት የማይችለው መንገደኛ አማራጩ የብስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህም ከአየሩ ርቀት በሲሶ ይበልጣል። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይዘልቀው ጉዞ በባቡር አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዷ በጅቡቲ ወደቦች ለሚያልፍ አገር፣ ይህ ልዩነት የነጋዴውን፣ የሹፌሩንና የሠራተኛውን ኑሮ የሚነካ ነው።

ይሁን እንጂ በቀጣናው ርቀትን የሚወስነው ኪሎ ሜትር ብቻ እንዳልሆነ የአሥመራ መስመር ያሳያል። ከአዲስ አበባ አሥመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ግን መንገደኞች ለ20 ዓመታት በሦስተኛ አገር በኩል ለመዞር ተገደዋል። በረራው በሐምሌ 2018 ቢቀጥልም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከኤርትራ ባለሥልጣናት ጋር ከተፈጠረ ውዝግብ በኋላ በመስከረም 2024 መልሶ አቋርጦታል።

የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት እ.ኤ.አ. በ1999 በያሙሱክሮ ወስነዋል። የአፍሪካ ኅብረትም ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያን በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ ይፋ አድርጓል። ዓላማው የበረራ ፈቃድ በየጊዜው በሁለት መንግሥታት ግንኙነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው።

የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር በዚህ ረገድ ከጎረቤቶቹ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅቡቲ መብረር ጀምሯል። የቀረው ጥያቄ ይህን ቅርበት አብዛኛው መንገደኛ በአቅሙ ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ለዚህም የቲኬት ዋጋ፣ የበረራው ድግግሞሽና የቪዛ አሠራር ከበረራው ደቂቃዎች የበለጠ ይወስናሉ።