ፊትን ሸፍኖ ገበያ መውጣት

በቀድሞ ጊዜ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ዕቃው ተመርምሮ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይለያዩ ነበር። በዘመናችን ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ባሕር ማዶ ካለ መደብር መጽሐፍ መግዛት፣ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ መፈጸም፣ ለቋንቋ ፈተና መመዝገብ ለብዙ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች የተለመደ ጉዳይ ሆኗል። ሻጩ የገዢውን ፊት ስለማያይ ማንነቱን የሚገምተው በሌሎች ምልክቶች ነው። ዛሬ የምናነሣውም ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ነው።

ቪፒኤን የሚባለው መሣሪያ ለወጣቶቻችን እንግዳ አይደለም። በተለይም በ2015 ዓ.ም. አንዳንድ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች በተቋረጡባቸው ወራት ብዙዎች ለምደውታል። ሥራው ከስልካችን ወይም ከኮምፒዩተራችን የሚወጣውን መልእክት በምስጢር ጠቅልሎ በሌላ ስፍራ ወዳለ ሰርቨር መውሰድ፣ ከዚያም ወደ ተፈለገው ድረ ገጽ ማድረስ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹ የሚያየው የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ እንጂ የእኛን አይደለም፤ ጎንደር ያለው ሰው አምስተርዳም ያለ ይመስላል። መሣሪያው በራሱ ነውር የለበትም። ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው ከመሥሪያ ቤታቸው መረብ ጋር ያለ ሥጋት እንዲገናኙ የሚረዳ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በክፍያ ሰዓት ነው። የካርድ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አኃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክና አገሩን ያስታውቃሉ። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ይህን ከአይፒ አድራሻው፣ ከተጻፈው የመኖሪያና የመላኪያ አድራሻ፣ ገዢው ከያዘውም መሣሪያ ጋር ያመዛዝናል። ካርዱ የኢትዮጵያ፣ አይፒው የኔዘርላንድ፣ ዕቃው የሚላክበት ደግሞ ሦስተኛ አገር ቢሆን ጥርጣሬው ይበረታል። ከዚህም በላይ አንዱን የቪፒኤን አድራሻ ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለሚጋሩት፣ አንድ አጭበርባሪ ያጎደፈው አድራሻ ንጹሑንም ገዢ ያስጠረጥራል። በዚህ ጊዜ ክፍያው ውድቅ ይሆናል፤ ወይም በሰው እስኪመረመር ይዘገያል፤ ወይም ባንኩ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል።

ነጋዴውን በከንቱ ይጠራጠራል ብሎ መውቀስ አይገባም። ካርዱ የተሰረቀ ሆኖ ባለቤቱ «ይህን ክፍያ አላዘዝሁም» ብሎ ለባንኩ ቢያመለክት፣ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከነጋዴው ተወስዶ ይመለሳል። ዕቃው ሄዷል፤ በላዩም የአገልግሎት መቀጫ ይከፍላል።

ይሁን እንጂ የጥርጣሬው ዕዳ በቅን ሰው ላይም ይወድቃል። የማመልከቻው ጊዜ በሚያበቃበት ሌሊት ቪፒኤኑን ሳያጠፋ ለመክፈል የሚሞክር ተማሪ እንዳለ እናስብ። አንድ ጊዜ ሲከለከል ደንግጦ የሌላ አገር ሰርቨር እየመረጠ ደጋግሞ ይሞክራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት አገር የዞረ ካርድ ግን በመዝጋቢው ዓይን የሌባ እጅ የገባ ካርድ ይመስላል። ባንኩም ካርዱን ሊያግደው ይችላል። ትእዛዙ ቢሰረዝ እንኳ የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። በብዙ ድካም የተገኘ ጥቂት የውጭ ምንዛሪ ላለው ወጣት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ዓመቱንም ሊያሳልፍበት ይችላል።

«ቪፒኤኑን የምከፍተው የካርዴ ቁጥር እንዳይሰረቅ ነው» የሚሉ አሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ዳሩ ግን አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ገጽ ቁጥሩን አስቀድሞ በምስጢር ይልከዋል። ቪፒኤን ሐሰተኛውን መደብር እውነተኛ አያደርገውም፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ራሱ ሌላ ሥጋት ነው። በርካሽ ዋጋ ለመግዛት ሲሉ የሌላ አገር ነዋሪ መስለው የሚቀርቡትም የሻጩን ውል ሊያፈርሱና ሒሳባቸውን ሊያዘጉ እንደሚችሉ ማወቅ አለባቸው።

ስለዚህ በክፍያ ጊዜ ቪፒኤኑን ማጥፋት፣ በሕዝብ ዋይፋይ ፈንታ በራስ የስልክ መስመር መጠቀም፣ ስምንና አድራሻን ባንኩ እንደሚያውቀው አድርጎ መጻፍ፣ የመጨረሻውን ሌሊትም አለመጠበቅ ይገባል። ክፍያው ከተከለከለ መደጋገሙን ትቶ ባንኩን መጠየቅ ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ገመናን ከሌባ መሸሸግ ብልኅነት ነው፤ ሊያምነን ከሚፈልገው ሻጭ ፊትን መሸፈን ግን ራስን በገዛ እጅ ማስጠርጠር ነው እንላለን።