ሃምሳ እንቁላል ትንሽ ነውን?

በመምህራን ክበብ ስለ ዶሮ ርባታ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ንጽጽር ሳይጠቀስ አይቀርም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በፋብሪካ መኖ የምትቀለበው የፈረንጅ ዶሮ ግን እስከ 300 ትደርሳለች፤ ከዚያም የምታልፍ አለች። ይህን የሰማ ተማሪ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ስድስት ለአንድ የሆነ ውጤት በእግር ኳስም ቢሆን አያከራክርም። ይህ ጸሐፊም ለብዙ ዓመታት ከማይጠይቁት አንዱ ነበር። ዛሬ ግን የንጽጽሩ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ትርጉሙ የተሳሳተ መሆኑን፣ በግቢው ጥቂት ዶሮዎችን ለማርባት የሚያስብ ጀማሪም ሊጀምር የሚገባው በሐበሻ ዶሮ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሙያዬ ፊዚክስ እንጂ የእንስሳት ሳይንስ ስላልሆነ የእርሻ ባለሙያ ወዳጆቼ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ሦስተኛ ዲግሪዬን በውጭ ሀገር አጠናቅቄ በተመለስሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ወደ አባይ በረሃ በሚያዘቀዝቅ ቆላማ ቀበሌ ለምትኖረው እናቴ 20 የፈረንጅ ቄቦች ገዝቼ ወሰድሁላት። በዚያን ጊዜ ሰባት የሐበሻ ዶሮዎች ነበሯት። ከመካከላቸው አንዷ አንገቷ ላባ የሌለው ቀይ ዶሮ ስትሆን፣ ዘሯ አያቴ ለእናቴ በጎጆ መውጫዋ ሰሞን ከሰጠቻት ዶሮ የሚመዘዝ ነበር። «ምርት የላቸውም፤ ትርፋቸው ጥሬ መጨረስ ነው» ብዬ አሳመንኋትና ሰባቱም ለፋሲካ ገበያ ወጡ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የድል ወራት ነበሩ። በየወሩ መኖ በአውቶቡስ እልካለሁ፤ እናቴም እንቁላል ለጎረቤት እስከ ማደል ደረሰች። ክረምት ሲገባ መንገዱ ተበላሽቶ መኖው ዘገየ፤ በኋላም ዋጋው ከመምህር ደመወዝ ጋር አልስማማ አለ። ዶሮዎቹ ከግቢ ወጥተው ጭረው መብላት አያውቁበትም፤ የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም። ቀጥሎ ፈንግል ገባ። በዓመቱ መጨረሻ የቀሩት 4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ አራቱ ይጥላሉ እንጂ አይታቀፉም። የጎረቤት አውራ ዶሮ አብሯቸው እየዋለ፣ እናቴ እንቁላል ሰብስባ፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣ ጨለማ ስፍራ አዘጋጅታ ብትጠብቅ አንዷም አልቀመጥ አለች። «ልጄ፣ እነዚህ እንቁላል ያውቃሉ እንጂ እናትነት አያውቁም» አለችኝ። የመንጋው ታሪክ በዚሁ አበቃ፤ የሚተካ አልነበረምና።

ጥፋቱ የዶሮዎቹ አልነበረም። መፈልፈያ ማሽን፣ የተመጠነ መኖና ክትባት ላለበት ሌላ ኑሮ ተመርጠው የተራቡ ናቸው። የተሳሳተው የእኔ ሒሳብ ነበር። የቴርሞዳይናሚክስ መምህር ለተማሪዎቹ ደጋግሞ የሚነግራቸው ነገር ቢኖር፣ ስሌት ከመጀመሩ በፊት የሥርዓቱ ድንበር ይሰመር የሚለውን ነው። ምን ከውስጥ ነው? ምን ከውጭ ነው? የ300 እንቁላሏ ዶሮ ሒሳብ ሲሠራ ድንበሩ የሚሰመረው በዶሮዋ ቆዳ ዙሪያ ነው። እርሷን የፈለፈለው ማሽን፣ ማሽኑን ያሞቀው ኤሌክትሪክ፣ የወላጆቿ መንጋ፣ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም፣ በዓመትም ከ40 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆነው መኖዋ ሁሉ ከድንበሩ ውጭ ይቀራል።

የሐበሻዋን ዶሮ ዓመት ደግሞ እንመልከት። 15 ያህል እንቁላል ለመጣል 25 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ከዚያም መጣሉን አቁማ ለ21 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቶቿን 2 ወር ያህል ይዛ ትዞራለች። ድምሩ 106 ቀን ነው። 365ን ለ106 ብናካፍል 3.4 ዙር እናገኛለን፤ በ15 ሲባዛ 51 እንቁላል ይሆናል። ታዋቂው «ሃምሳ እንቁላል» የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። በምትጥልባቸው ቀናት ብቻ ከተለካች በ10 ቀን 6 እንቁላል ትጥላለች፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። የቀረውን ሦስት አራተኛ ዓመት ግን የምታሳልፈው መፈልፈያ ማሽን፣ ማሞቂያ፣ ዘበኛና መምህር ሆና ነው። ለፈረንጇ ዶሮ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሠራላታል፤ ደመወዙም በእርሷ ሒሳብ ላይ አይጻፍም።

ይህን ሥራ ማሽን ምን ያህል ይተካዋል? መልሱን ያገኘሁት በሌላ ውድቀት ነው። የእናቴን መንጋ ለመመለስ ስነሣ፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ በመጀመሪያ ያሰብሁት ማሽን ነበር። ከውጭ ሀገር በሻንጣ ያመጣሁትን አነስተኛ መፈልፈያ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ አቁሜ፣ ከገበያ የሰበሰብኋቸውን 24 የሐበሻ ዶሮ እንቁላሎች አስገባሁበት። ሙቀቱን በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አጸናሁ፤ መመሪያው እንዳዘዘውም የውሃ ሳሕኑን ሞላሁ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። በ21ኛው ቀን 5 ጫጩቶች ወጡ። የቀሩትን እንቁላሎች ስሰብራቸው ጥቂቶቹ መካን ነበሩ፤ ከገበያ የተገዛ እንቁላል ዕድሜው አይታወቅም። ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ያለው ጫጩት ሙሉ በሙሉ አድጎ፣ ቅርፊቱን ሊበሳ ሲታገል በደረቀው ስስ ሽፋን ተጣብቆ የሞተባቸው ነበሩ።

ምክንያቱ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። የእንቁላል ቅርፊት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነርሱ በኩል ኦክስጅን ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይወጣሉ። በ21 ቀን ውስጥ እንቁላሉ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ሊያጣ ይገባዋል። ከዚያ በጣም ካነሰ ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስብበት የአየር ክፍል ይጠባል፤ ከበዛ ደግሞ ይደርቃል። ተን በአየር ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት ከአየር ግፊት ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀዳዳ በኩል ተኑ በ1.3 እጥፍ ፍጥነት ይወጣል፤ 12 በመቶ የነበረው ኪሳራ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ላይ ወሩ የበጋ ወር ነበር። 20 ዲግሪ ሙቀትና 40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የክፍል አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወደ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ ጉድለት የሚሞላው ያች አንዲት የውሃ ሳሕን ነበረች። በስሌት ሲታይ፣ በባሕር ዳርቻ 50 በመቶ እርጥበት ለሚበቃው እንቁላል እዚህ 62 በመቶ ገደማ ያስፈልገዋል። መመሪያው የተጻፈው ከባሕር አጠገብ ለሚኖር አንባቢ ነበር፤ እኔም የከፍታን ነገር በየዓመቱ በክፍል እያስተማርሁ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ዘነጋሁት።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን አሮጊት ዶሮ ከ12 እንቁላል 11 ጫጩት ይዛ ወጣች። «እማማ፣ ሙቀቱን በምን ለካችው?» ብዬ ብቀልድ፣ «ሆዷ ይነግራታላ! አንተ ዶክተሩ፣ ይህን አላስተማሩህም?» አሉኝ። በሳይንሱም ቢሆን ልክ ናቸው። የምትታቀፍ ዶሮ የሆዷ ላባ ይረግፋል፤ ባዶው ቆዳ የደም ሥር ይበዛበታል፤ ያ ቆዳ ማሞቂያም ቴርሞሜትርም ነው። እንቁላሎቹ ሲቀዘቅዙ አጥብቃ ትቀመጣለች፣ ሲሞቁ ትላላለች። በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣቸዋለች። መብራት ቢጠፋ አይገዳትም።

ቅርፊቱ ራሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የአተነፋፈስ ተመራማሪው ኸርማን ራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ከፍ ባለ ተራራ ላይ የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል የቅርፊት ቀዳዳው ስፋት የቀነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ ዶሮዋ ቀዳዳውን በማጥበብ ለቀጭኑ አየር መልስ ሰጥታለች ማለት ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ እስቲ በየክፍለ ሀገራችሁ ከደጋና ከቆላ እንቁላል ሰብስባችሁ በቤተ ሙከራችሁ ሚዛን ላይ በየቀኑ መዝኑ። ከዚህ የረከሰ የመመረቂያ ጥናት አላውቅም።

ያች በእኔ ምክር ለገበያ የወጣችው አንገተ መላጣ ዶሮም የራሷ ፊዚክስ ነበራት። አንገተ መላጣነት ጌጥ ወይም እከክ አይደለም። ባሕርዩን ያመጣው የዘር ለውጥ የአካሏን ጠቅላላ ላባ ይቀንሳል፤ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰችው ከሆነ ቅነሳው 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ዶሮ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወግደው በትንፋሽና በባዶ ቆዳ ነው። ስለዚህ በቆላ ፀሐይ ላባ የሌለው አንገት እንደ መኪና ራዲያተር ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ለውጥ የዘር ምክንያት አውጥተው አሳትመዋል። እኔ ግን በአንድ የፋሲካ ገበያ ሸጥሁት።

ዶሮ በሀገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝብር በተባለው ጥንታዊ ስፍራ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጥራሉ። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ጥቁሩና ቀዩ የዚያን ሁሉ ዘመን በሽታ፣ ረኃብና ጭልፊት ያለፈ ቅሪት ነው። ይህ ማለት ሳይነካ ይቀመጥ ማለት አይደለም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጡ የሆሮ ዶሮዎች ትውልድ በትውልድ እየተመረጡ፣ የውጭ ደም ሳይቀላቀልባቸው፣ በሰባት ትውልድ ውስጥ የእንቁላላቸው ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል። የተሻሻለ ዝርያ ማከፋፈልን አልቃወምም፤ ከከተማ አጠገብ ሆኖ እንቁላል ለመሸጥ የሚያስብ ሰው የፈረንጇን ዶሮ ይያዝ፣ መኖዋንም ይግዛ። የምቃወመው መንገድና መብራት በማይዘልቅበት መንደር፣ «ምርት የለውም» በሚል አንድ ቁጥር፣ ነባሩን መንጋ አስሽጦ መተካትን ነው።

እንግዲህ ጀማሪው ምን ያድርግ? በ3 ዶሮዎችና በ1 አውራ ይጀምር። በበዓል ዋዜማ ገበያ አይግዛ፤ ፈንግል ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው በዚያ ነው። አዲስ የገባችውን ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻ ያቆያት። ለመንደር ዶሮዎች ታስቦ የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባት አለ፤ በዓይን አንድ ጠብታ ነው፤ በየ4 ወሩ ይደገማል። ለማቀፊያ ከሳምንት ያልበለጠ፣ ያልታጠበ እንቁላል ይምረጥ፤ ከ12 በላይ አያስታቅፋት።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ከእንቁላሉ ሳይሆን ከጫጩቱ ላይ ነው። ልቅ በሚለቀቅ መንጋ ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ 2 ወር ሳይሞላቸው በብርድ፣ በጭልፊት፣ በሸለምጥማጥና በበሽታ ያልቃሉ። እነዚህን ብቻ ያተረፈ ሰው ዘር ሳይለውጥ መንጋውን በእጥፍ ያሳድጋል። በሀገራችን የግብርና ምሁራን የተጠናው የገለባ ሣጥን ለዚህ ይረዳል። ትንሽ ሣጥን በትልቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና መካከሉ በገለባ ይሞላል። 35 ግራም የምትመዝን ጫጩት ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ቆዳዋ ሰፊ ስለሆነ ለብቻዋ ቶሎ ትቀዘቅዛለች፤ 15 ሆነው ሲጠጋጉ ግን በገለባው መካከል የታሰረው አየር የገዛ ሙቀታቸውን ይይዝላቸዋል። ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። እናቲቱም ነፃ ትወጣለች። ከፈለፈለች በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ መጣል ብትመለስ ዙሩ ከ106 ቀን ወደ 60 ቀን ያጥራል፤ ሃምሳ አንዱ እንቁላል በስሌት ወደ 90 ይጠጋል። ያችው ዶሮ ናት፤ የተለወጠው ድንበሩ ብቻ ነው።

እናቴ ዛሬ ዘጠኝ የሐበሻ ዶሮዎች አሏት። አንገተ መላጣ ቀይ ዶሮ ግን በሦስት ገበያ ፈልገን እስካሁን አላገኘንላትም። ባለፈው ወር አንዲት ገብስማ በ12 እንቁላል ላይ መቀመጧን ስለነገረችኝ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ልኬላታለሁ። ምልክት ያደረገችባቸውን ሦስት እንቁላሎች በየሦስት ቀኑ እየመዘነች ቁጥሩን በስልክ ታነብልኛለች፤ እኔም እመዘግባለሁ። ገብስማዋ በዚህ ጥናት የተደሰተች አይመስልም፤ እስከ ትናንት ድረስ የእናቴን እጅ ሁለት ጊዜ ነቁራታለች።