የቤት አያያዝ ምክር፤ በውሻና በግቢ ስለሚራባ ቍንጫ

ቍንጫ በአካልዋ ከተልባ ፍሬ ያነሰች ስትሆን የአንድን ትልቅ ቤት ሰላም ለመንሣት ግን ኀይል አላት። በእንግዳ ፊት በክብር የተቀመጠውን ሰው ታሳፍራለች፤ ሕፃኑን ከእንቅልፉ ታስነሣለች፤ የቤቱንም እመቤት፣ ምንም ያህል ብትደክም፣ ቤት አያያዝ እንደማታውቅ ታስቈጥራታለች። ስለዚህ በዛሬው ምክራችን ቍንጫን ከውሻና ከግቢ ስለ ማጥፋት ጥቂት ለመናገር አስበናል። አስቀድመን ግን በአንድ ወዳጃችን ቤት የሆነውን እንነግራችኋለን፤ ነገሩ ለብዙ ሰው ትምህርት ይሆናልና።

እኒህ ወዳጃችን መቻል የሚባል ውሻ ነበራቸው። ውሻው በግቢያቸው ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ፣ አንድ ሌሊት ሌባ አጥር ዘሎ ሲገባ ጮኾ ቤተ ሰቡን ያስነሣ፣ ከልጆቹም ጋር አብሮ ያደገ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሙቀት በጀመረ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ቍንጫ በዛ፤ የልጆቹም እግር ከማከክ የተነሣ ቈሰለ። ከቤተ ሰቡ አንዱ «ይህን ሁሉ ያመጣው ውሻው ነው» አለ፤ ሌላውም መሰከረበት፤ ወዳጃችንም ነገሩን ሳይመረምሩ ፈረዱበትና ሱሉልታ ወዳለው ዘመዳቸው ሰደዱት። ልጆቹ አለቀሱ፤ ይሁን እንጂ ለጤናቸው ነው ተብለው ዝም አሉ። ነገር ግን ይጠፋል የተባለው ቍንጫ ሳምንት ሳይሞላ ከፊተኛው ይልቅ ባሰ። ወዳጃችን ተጨንቀው ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሄደው ቢጠይቁ፣ ሐኪሙ «ጌታዬ፣ ቍንጫው ከውሻው ጋር አልሄደም። ምግቡን ቢያጣ ጊዜ ወደ ልጆችዎ ዞረ እንጂ» ብለው መለሱላቸው።

የሐኪሙ ቃል እውነት መሆኑ የቍንጫን አኗኗር በመመርመር ይታወቃል። በዐይናችን የምናያት፣ የምትዘልና ደም የምትመጥ ቍንጫ የቤቱ ቍንጫ ሁሉ አይደለችም፤ አዋቂዎች እንደሚገምቱት ከመቶው 5 ያህሉ ብቻ ናት። የቀረው 95 እጅ ገና እንቍላል፣ ትል፣ ወይም በድር የተጠቀለለ ሆኖ በወለልና በአፈር ውስጥ ተሸሽጓል። እንስቲቱ የውሻውን ደም ከጠገበች በኋላ በቀን እስከ 40 ወይም እስከ 50 እንቍላል ትጥላለች። እንቍላሉ ልሙጥ ስለሆነ በጠጕሩ ላይ አይጣበቅም፤ ውሻው በተኛበትና ባለፈበት ሁሉ እንደ ጨው ይረግፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ትሉ ይፈለፈላል፤ ብርሃንም ስለሚጠላ ወደ ወለሉ ስንጥቅ፣ ወደ ምንጣፍ ሥርና ወደ ጥላ አፈር ይገባል። ምግቡም አዋቂዎቹ ቍንጫዎች የሚጥሉት ደም ያለበት ኵስ ነው። ቀጥሎ ሐር የመሰለ ድር ፈትሎ ይጠቀለልበታል፤ በድሩም ላይ አቧራ ስለሚጣበቅ ከአፈሩ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በዚያ ውስጥ ሆኖ የሰው ወይም የእንስሳ ሙቀት፣ እርምጃና ትንፋሽ እስኪሰማው ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይቈያል። ተዘግቶ የከረመ ቤት በተከፈተ ቀን ቍንጫ በድንገት የሚወርረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ውሻው የቍንጫ ማእድ ነው፤ ቤትዋ ግን ወለሉና ግቢው ነው።

ነገሩንም ከማሳከክ አያልፍም ብሎ መናቅ አይገባም። ቍንጫ የበዛበት ቡችላ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። ሕፃን ከውሻ ጋር ሲጫወት ሳያውቅ ቍንጫ ቢውጥ፣ በቍንጫዪቱ ውስጥ ያለ የውሻ የሆድ ትል ሊተላለፍበት ይችላል፤ ምልክቱም በሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር መታየቱ ነው። ደግሞም ፖል ሉዊ ሲሞን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1898 ዓመት በካራቺ ከተማ ባደረጉት ምርመራ ቸነፈርን ከታመመ አይጥ ወደ ጤነኛው የምታደርስ ቍንጫ መሆንዋን አስረድተዋል። ስለዚህ ቍንጫን የሚጠላ ሰው አይጥንም ከግቢው ማራቅ አለበት።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። የመጀመሪያው ነገር ማስረጃ መፈለግ ነው። ጥርሱ የቀጠነ ማበጠሪያ ይዞ የውሻውን አንገት፣ ጀርባና የጅራቱን ሥር ማበጠር፣ የወጣውንም ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ ማድረግ ነው። ብናኙ ቀይ ቀለም ቢያወጣ የቍንጫ ኵስ ነው፤ ባያወጣ ተራ እድፍ ነው። በክፍል ውስጥ ቍንጫ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ማታ ሳሙና የተበጠበጠበትን ውሃ በሳሕን አድርጎ ከወለሉ ላይ ማስቀመጥና ከበላዩ ትንሽ መብራት ማብራት ነው፤ ቍንጫዪቱ ወደ ብርሃኑ ስትዘል ከውሃው ትገባለች። ይህ ግን ብዛቱን ለማወቅ ይረዳል እንጂ ቍንጫውን አይጨርስም።

ሁለተኛው ውሻውን ማከም ነው። ሲያጥቡት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አስቀድሞ አንገቱን ዙሪያውን ማጠብ ይገባል፤ ያለዚያ ቍንጫው ወደ ጆሮውና ወደ ፊቱ ይሸሻል። ነገር ግን እጥበት ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አይበቃም። የእንስሳት ሐኪም የውሻውን ክብደት አይቶ የሚያዝዘው፣ በቆዳው ላይ የሚንጠባጠብ ወይም በአፉ የሚሰጥ መድኀኒት አለ፤ ከዚህም አንዳንዱ ለአንድ ወር፣ አንዳንዱ ለሦስት ወር ይሠራል። በግቢው ያሉት ውሾችና ድመቶች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፤ አንዱ ቢቀር ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለውሻ የተሠራውን መድኀኒት ግን ለድመት መስጠት ክልክል ነው፤ በተለይ ፐርሜትሪን የሚባለው ድመትን ይገድላል።

ሦስተኛው የመኝታውና የወለሉ ነገር ነው። የውሻው መኝታ ጨርቅ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ መኝታው ገለባ ከሆነ ወጥቶ ይቃጠል። የአፈር ወለል ቢሆን ስንጥቁን በጭቃ መድፈንና መለቅለቅ፣ ምንጣፍ ያለበትም ቢሆን በየጊዜው በመጥረጊያ መኪና ማጽዳት ይገባል። ጥራጊውም በማእዘን ሳይከማች ያን ጊዜውኑ ከቤት ይውጣ።

አራተኛው ግቢው ነው። የቍንጫ ትል ድርቀትንና ፀሓይን አይችልም፤ ስለዚህ ሜዳውን ሁሉ መድኀኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ይልቁንስ ውሻው በቀን የሚተኛበትን ጥላ፣ የጎጆውን ውስጥ፣ የበረንዳውን ሥር፣ የማገዶ ክምሩንና የጎተራውን ዙሪያ መመልከት ያሻል። ሣሩን ማጨድ፣ የረገፈውን ቅጠል መጥረግ፣ ክምሩን ማንሣት፣ ፀሓይና ነፋስም እንዲገባ ማድረግ ከብዙ መርዝ ይበልጣል።

ስለ መርዝ ካነሣን፣ ውሻውን በላምባ ማሸት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለእርሻ ተባይ የተሸጠውን መድኀኒትም በቤት መርጨት ልጆችን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዲ.ዲ.ቲ. ነፍሳትን እንደሚገድል ፖል ሙለር የተባሉ የስዊስ ሰው በ1939 ዓመት ስላገኙ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ጕዳቱ በኋላ ስለታወቀ በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ውል በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር እንዳይሠራበት ተወስኗል። ስለዚህ ከየትም ተገኝቶ በውሻ ጠጕር ላይ መነስነስ የለበትም።

በመጨረሻ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ በደንብ ከተሠራ በኋላም በድር የተጠቀለለው ቍንጫ ለጥቂት ሳምንታት እየወጣ ይታያል፤ ይህን አይቶ መድኀኒቱ ሐሰት ነው ማለት አይገባም። ሥራው እስከ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ይቀጥል።

ወዳጃችንም እንዲሁ አደረጉ። ሐኪሙ «ውሻዎን መልሱት፤ መድኀኒቱን ይውሰድና ከቤትዎ ይኑር» ቢሏቸው በመጀመሪያ ተገረሙ። ምክንያቱ ግን ይህ ነው፤ መድኀኒት የወሰደውን ውሻ የምትነክስ ቍንጫ እንቍላል ሳትጥል ትሞታለች። መቻል ከሱሉልታ በተመለሰ ቀን ልጆቹ እስከ በሩ ሮጠው ተቀበሉት። በሦስተኛው ወር ቤቱ ጸዳ። ወዳጃችን ይህን ሲያወጉን «ጥፋተኛ ብዬ የሰደድኩት ቤቴን አጸዳልኝ» ብለው ጥቂት ዝም አሉ። እኛም ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ቍንጫ በቤታችሁ ቢገኝ በውሻው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ።