ተኝቶ ያለን ቤተሰብ የሚቀሰቅስ ደወል

በሐርጌሳ ከተማ ዋሂን የተባለው ታላቅ ገበያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ ተያይዞ ሌሊቱን ሲነድ ማደሩ የሚታወስ ነው። በአዲስ አበባም የመርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። ያን የመሰለ ቃጠሎ በትንሽ ደወል ይገታል አንልም። ነገር ግን በመኖሪያ ቤት እሳት ሲነሣ የተኛውን ሰው የጢሱ ሽታ ላይቀሰቅሰው ይችላል፤ ብርቱ ጩኸት ግን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ በሐርጌሳ በአሕመድ ዳጋህም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖሩ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉትን የደወል ትምህርት ዛሬ እናቀርባለን።

ለሥራው የሚያስፈልጉት አርዱዪኖ ኡኖ የተባለው ቦርድ፣ አንድ የፒዬዞ ባዘር፣ የ100 ኦም ሬዚስተርና ጥቂት ሽቦዎች ናቸው። አርዱዪኖ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ በኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነው። በፒዬዞ ባዘር ውስጥ ያለው ስስ ሸክላ መሰል ገበታ ኤሌክትሪክ በተለዋወጠበት ቁጥር እየታጠፈ አየሩን ያርገበግባል፤ ድምፁም የሚፈጠረው ከዚህ ነው።

ባዘር ሁለት ዓይነት መሆኑን ገዢው ይወቅ። አንደኛው ኤሌክትሪክ እንዳገኘ በራሱ ይጮኻል፤ ሁለተኛው ግን የሚርገበገብ ኤሌክትሪክ ካልተላከለት ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። እኛ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ ቦርዱን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ፣ 8ኛውን ፒን በሬዚስተሩ በኩል ከባዘሩ አንድ እግር ጋር፣ ሌላውን እግር ግራውንድ ከሚባለው ፒን ጋር ማያያዝ ይገባል። ከዚያም ቦርዱን መልሶ ሰክቶ ፕሮግራሙን መጻፍ ነው። ቶን የሚባለው ትእዛዝ በ8ኛው ፒን ላይ በሴኮንድ 3000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ያስነሣል፤ ኖቶን ያቆመዋል፤ ዲሌይ ደግሞ በሚሊሴኮንድ ያስጠብቃል።

የአጯጯኹ ሥርዓት ግን እንደ ፈቀዱ የሚደረግ አይደለም። ዓለም አቀፉ የመውጫ ምልክት ግማሽ ሴኮንድ መጮህ፣ ግማሽ ሴኮንድ ዝም ማለት ሆኖ፣ ከ3ኛው ጩኸት በኋላ 1 ሴኮንድ ተኩል ጸጥ ብሎ እንደገና ይጀምራል። በፕሮግራሙም ቁጥሮቹ 500ና 500፣ በመጨረሻው ዕረፍት 1500 ይሆናሉ። ይህን ምልክት ለበር ደወል ወይም ለጨዋታ ማዋል አይገባም፤ ዘወትር የሚሰማ ድምፅ በጭንቅ ቀን ማንንም አያስነሣምና።

ይህ ትምህርት ጩኸቱን እንጂ ጢስን መለየትን አያስተምርም። ስለዚህ ለሌሊት ጥበቃ በደንብ የተፈተነ የጢስ ማስጠንቀቂያ ገዝቶ መስቀል ያሻል። ልጆች የሠሩት ደወል ግን ለልምምድ ይጠቅማል፤ አባት ወይም እናት ሳይታሰብ ያስጩኹትና፣ ሁሉም በየትኛው በር ወጥቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚገናኝ ይለማመድ። መንገዱን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በጨለማ ውስጥ ሊያገኘው ይቸገራልና።