«ገላግሏት» ከማለታችን በፊት

ውሻ ታመመች ሲባል በእኛ ሰፈር ቀድሞ የሚመጣው ምክር «ገላግሏት» ነው። በክፋት አይደለም፤ ይህን የሚሉት አዛኞቹ ናቸው። ካንሰር ነው ከተባለማ ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ የቱ ካንሰር?

የእኛዋን ሌዲ የያዛት ሐኪሞች «ሲቲቪቲ» የሚሉት፣ ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፍ ዕጢ ነው። ብልቷ ላይ እንደ አበባ ጎመን የፈካ፣ ሲነኩት የሚደማ ቀይ ሥጋ። ደሙን ያየ ሰው ወቅቷ ደርሶ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ይኼ ደም ግን ወቅት ጠብቆ አይቆምም።

በሽታው ጉደኛ ነው። የሚጋባው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሳይሆን ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው። ውሾች ሲገናኙ፣ ሲላላሱ፣ ሲሸታተቱ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይበቅላል፤ አንዳንዴ አፍንጫ ውስጥም ይወጣል። ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 ዕጢውን ከአንድ ውሻ ወደ ሌላ አዛውሮ አሳይቷል። በኋላ የመጣው የዘረ መል ምርመራ ደግሞ የባሰውን ነገረን፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ የተያዙ ውሾች የተሸከሙት ሕዋስ ከሺዎች ዓመታት በፊት ከኖረ አንድ ውሻ የመጣ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ያነሣሁት ልጆቻቸውን ከግቢያችን ያሸሹ ጎረቤቶች ስላሉ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል! ምርመራው ቀላል ነው፦ መስታወት ዕጢው ላይ ይጫንና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሕክምናው በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ቪንክሪስቲን ነው፤ ለብዙዎቹ ውሾች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል። መጠኑ በኪሎ 0.025 ሚሊግራም ስለሆነ 20 ኪሎ የምትመዝን ውሻ የምትወስደው ግማሽ ሚሊግራም ብቻ ነው።

ጭንቁ መርፌው ላይ ነው። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ሥር ከፈሰሰ ሥጋውን ያቃጥላል። ስለዚህ ሐኪሟ መጀመሪያ የፊት እግሯን ፀጉር ትላጫለች፣ ካኑላ ታስገባለች፣ ከዚያ ሳላይን ገፋ አድርጋ እብጠት መኖር አለመኖሩን በጣቷ ትዳስሳለች። ቪንክሪስቲኑ የሚከተለው ያኔ ነው። እኔ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አጣብቄ እይዛለሁ። ሌዲ በዚህ ሁሉ መሀል የምታጉረመርመው ለመላጫው ብቻ ነው። ነጭ የደም ሕዋሷ ከቀነሰ ደግሞ ያ ሳምንት ይታለፍና ወደ ቤት እንመለሳለን።

ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሽንቷንና ትውከቷን በጓንት ነው የምናጸዳው፤ መድኃኒቱ በዚያ ይወጣልና። የከበደን ምግቡ ነው። የሐበሻ ውሻ ያደገችው በወጥ ፍርፋሪ ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። እናቴ ለውሻ ሽንኩርት የሌለው መረቅ ለብቻ መሥራቷን እስካሁን አላመነችበትም፤ ግን ትሠራለች።

አንዲት የምናከብራቸው ጎረቤታችን «ልጄ፣ ለሰው ያልተረፈውን ለውሻ?» አሉኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቪንክሪስቲን የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናትም መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲው የቀረኝ አንድ ብልቃጥ ነው ካለ ልጁ ይቀድማል፣ በዚህ አልከራከርም። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ብልቃጡ ሳይሆን ስለ ብሩ ነበር። በብሩ ከሆነ ሌዲ ሌሊቱን ሙሉ የምትጮኸው ለእሳቸውም አጥር ነው።

ማንኛውም ውሻ እስከ መጨረሻው ይታከም አልልም። ትልልቅ ውሾችን የሚይዘው የአጥንት ካንሰር እግር ተቆርጦ፣ ኬሞ ተጨምሮበትም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ቢያቆይ ነው። የእኔ ውሻ ብትሆን እዚያ ላይ አቆማለሁ፤ ያውም በሐኪም መርፌ እንጂ ሥጋ ውስጥ በተደበቀ መርዝ አይደለም። ሊድን በሚችል በሽታና በማይድን መካከል ያለውን ልዩነት ሳይጠይቁ መገላገል ግን ለእኔ ርኅራኄ አይደለም። አንድ ቀን ምርመራ የማይታገሥ ሆድ ነው።

የቀረን የሰፈሩ ውሾች ጉዳይ ነው። ሌዲ ብትድንም ሉካንዳው በር ላይ የሚውለው ቡናማ ውሻ ያው ደም ያንጠባጥባል፣ አጥራችን ደግሞ ቀዳዳ አለው። እሷ ከዳነች በኋላ ትመከናለች። ለቡናማው ባለሉካንዳው ግማሹን ልቻል ብሏል፣ ሌላውን እኛና ጎረቤቶቻችን እናዋጣለን። ማን ይይዘዋል የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም፤ ዘበኛው እንደሆነ በሩቁ ሲያዩት እንኳ የሚነክስ ውሻ ነው እያለ ከወዲሁ ሸሽቷል።