«ኬራቲን» የሚለው ስም መሸፈኛ አይሁን

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሰው የኬራቲን ጂን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ያመርታል፤ ተጣርቶም በማይክሮግራም እየተመዘነ ለተመራማሪ ይሸጣል። ከየትኛው ጂን እንደተሠራና ምን ያህል ንጹህ እንደሆነ ተጽፎለታል። «ለምርምር ብቻ» ተብሎም ታትሞበታል፤ ሰው ላይ አይደረግም።

ሌላው ፀጉር ቤት ያለው ጠርሙስ ነው። በዓለም ገበያ ኬራቲን ተብለው ከሚሸጡት ማለስለሻዎች በበርካታዎቹ ፀጉሩን ቀጥ የሚያደርገው ኬራቲኑ ሳይሆን ፎርማልዴሃይድ ነው። ፀጉሩ ሲተኮስ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2010 የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት «ፎርማልዴሃይድ የለውም» የተባለውን ብራዚሊያን ብሎውአውት ሲመረምር በአማካይ ከ8 በመቶ በላይ አገኘበት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ጠርሙስ ስም ግን ያወጣው ነጋዴ ነው።

«ደንበኛ ፈልጋ ነው» የሚል መልስ አይሰማም። ያልተነገራትን ነገር እንዴት ፈለገች? ደንበኛዋስ በወራት አንዴ መጥታ ትሄዳለች፤ ፀጉር ሠሪዋ ግን ጭሱን ቀኑን ሙሉ ትምገዋለች።

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከመርካቶም ከፀጉር ቤቶችም ናሙና ወስዶ ይመርምር፤ ውጤቱንም በምርቱ ስም ይፋ ያድርግ። ማንም ፀጉሩ ላይ ለማይቀባው ብልቃጥ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ሰው ራስ ላይ የሚፈሰው ቢያንስ ውስጡ ያለው ይጻፍበት።