ለናፍታ የሚፈርም እጅ ለፊልትሮም ይፈርም





የምኖረው በወረታ ከተማ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወጣው መንገድ ላይ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት፣ የፎገራ ሩዝም የሚፈለፈልባትና የሚጫንባት ከተማ ናት። ደረቅ ወደብም ስላላት ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይለያትም። ስለዚህ ክሬን የሚባለው ከባድ ዕቃ አንሺ መኪና ምን ያህል እንደሚጠቅም ለእኛ ነጋሪ አያሻንም።

ባለፈው ክረምት ሩዝ የጫነ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ በፎገራ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ። ሊያወጣው የመጣው ክሬን፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት ንብረት እንደ ሆነ መናገሩን እተወዋለሁ፣ ገና ጭነቱን ሲሞክር ጥቁር ጢስ እየተፋ ጉልበት አጣ። ኦፕሬተሩ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ጢሱ ይበዛል እንጂ ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ክሬን ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ መንገዱ ለግማሽ ቀን ተዘጋ፤ የገበሬው ሩዝ በዝናብ ራሰ፤ በሽተኛ የጫነ መኪናም ከተሰለፉት መካከል ነበረ።

ኋላ ምክንያቱን ኦፕሬተሩን ብጠይቀው የሰጠኝ መልስ አሳዘነኝ። መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት የአየር ማጣሪያ በመንገድ አቧራና በሩዝ ገለፈት ብናኝ ተደፍኖ ኖሯል። አዲስ እንዲገዛለት ከ3 ወር በፊት በጽሑፍ ቢያመለክትም ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ከረመ። የናፍታው ማዘዣ ግን በእነዚሁ 3 ወራት ሳይፈረም የቀረበት ቀን አልነበረም።

እኛ የቢሮ ሰዎች ልናስተውለው የሚገባን ይህንን ነው። ናፍታ በሞተር ውስጥ በሚገባ እንዲነድ በቂ አየር ያስፈልገዋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ላይ ማጣሪያው ሲደፈን ናፍታው በከፊል ሳይነድ በጢስ ማውጫው ይወጣል። ያ ጥቁር ጢስ እንግዲህ እኛው ፈርመን ያወጣነው ገንዘብ ነው።

ሌላውም ክፍል እንዲሁ ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት ሲቆሽሽ ወይም ሲያንጠባጥብ ግፊቱ ስለሚደክም ኦፕሬተሩ ሞተሩን አብዝቶ ያስጮኸዋል። ክሬኑ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ሲያጣ፣ ፍሬኑ ይዞ ሲቀር፣ ጎማው ንፋስ ሲያንሰው፣ ሁሉም ከናፍታው በርሜል ይቆነጥራሉ። የብረት ገመዱማ በየጊዜው ካልተቀባና የተበጠሰ ክር እንዳለው ካልታየ፣ ጉዳቱ ከናፍታ አልፎ ለሰው ሕይወት ይተርፋል።

ኦፕሬተሮችም ከነቀፌታ ነፃ አይደሉም። የከባድ መኪና ሞተር ያለ ሥራ ሲያጉረመርም በሰዓት 3 ሊትር ያህል ይጠጣል። በቀን 3 ሰዓት እንዲህ ቢቆም 9 ሊትር፣ በ25 የሥራ ቀን 225 ሊትር ይሆናል።

አገራችን ናፍታ የምትገዛው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለ ጀመረ ዋጋው ለሁሉም ከብዷል። ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ በሞተር ስቦ ሽንኩርት የሚያለማው የፎገራ ገበሬ ለአንዲት ሊትር ምን ያህል እንደሚደክም ስናይ፣ የመንግሥትን ነዳጅ በጢስ ማባከን ነውር መሆኑ ይገባናል።

«የግዥ ደንቡ ነው ያሰረን» የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ደንቡ የሕዝብን ገንዘብ ከሌባ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ይፍረስ አልልም። ነገር ግን ፊልትሮ፣ ዘይትና ግራሶ በስንት የሥራ ሰዓት እንደሚለወጡ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር የዓመቱ ተገዝቶ ዕቃ ቤት ቢገባ፣ ደንቡም አይጣስ፣ መሣሪያውም አይጎዳ። ደግሞም የሠራበት ሰዓት፣ የጠጣው ናፍታና የተደረገለት ጥገና የተጻፈበት መዝገብ ሳይቀርብ የናፍታ ማዘዣ አይፈረም። ጥቂት ሊትር በሰዓት መጨመሩ ከመዝገቡ ሲታይ፣ ክሬኑ ጭቃ ላይ ከመቆሙ በፊት ሕመሙ ይታወቃል።

አንዲት ፊልትሮ ላለመግዛት ብለን በርሜል ናፍታ ስናጤስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ሆነናል። ክረምቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሩዝ የጫነ መኪናም ጭቃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። አሁን በጠረጴዛችን ላይ ያለውን የፊልትሮ ወረቀት ዛሬውኑ ብንፈርመው፣ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ለሚቆመው በሽተኛ ደረስንለት ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከወረታ